ሆሳዕና ተፈውሳለች

ኃይሉ በጉባኤ ፊት የተመሰከረ ፈውስ ተመልሶ ሊበላሽ ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቀን ቀን በብሉሚንግተን ከሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ የሚውል ሾፌር ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያዘነ ያጽናናል። ለሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚደርሰው ይህ ሰው፣ የገዛ ልጁ ስትታመም የሚገባበት ጠፋው።

ሆሳዕና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ በልጅነቷ ማይክ ይዛ ስትዘምር እናቶችን የምታስለቅስ ልጅ ነበረች። ባለፈው ዓመት በረዶው ሲጀምር ዝም አለች። መጀመሪያ መዝሙሩን ተወች፣ ቀጥሎ ትምህርቱን፣ በመጨረሻ ምግቡን። ቤቱ በማሞቂያ ግሎ ሁሉም በስስ ልብስ ሲሆን እሷ እጅጌ ረጅሙን ሹራብ አታወልቅም። እናቷ የምሥራች ምክንያቱን ያወቀችው ሹራቡን ልታጥብ አንስታ እጅጌው ላይ ደም ያየች ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሆሳዕና ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባች፤ ሁለቱንም ጊዜ ኃይሉ ለጉባኤው «ጨጓራዋን ነው» አለ።

የጫካውን ሐሳብ ያመጣችው የትምህርት ቤቷ አማካሪ ናት። ከዱሉዝ ከተማ በላይ፣ ሐይቅና ጥድ ብቻ ያለበት ቦታ፣ ልጆች አሥር ሳምንት ድንኳን ውስጥ እያደሩ፣ ታንኳ እየቀዘፉ፣ ምግባቸውን ራሳቸው እያበሰሉ የሚታከሙበት ፕሮግራም አለ አለቻቸው። ስልክ የለም፣ መስታወት የለም፣ የሚዘጋ በር የለም።

«አባቴ ከገጠር ያወጣኝ እንጨት ከመልቀም እንድገላገል ነው» አለ ኃይሉ ቤት ሲገቡ። «አሁን ልጄን እንጨት እንድትለቅም ጫካ ልላካት?»

የምሥራች በአዛውንቶች መጦሪያ ስትሠራ ውላ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «ሌላ ነገር ካለህ አምጣው» አለችው። «እኔ በሯ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ ማደር ደክሞኛል።»

ሌላ ነገር አልነበረውም። ሆሳዕና ትምህርት እንደተዘጋ ሄደች። ጉባኤው ሲጠይቅ ኃይሉ «የወጣቶች የመሪነት ካምፕ ነው» አለ፤ ጉባኤውም «ተባረኩ» አለ። መሪ የምትሆን ልጅ ያለው አባት ደግሞ ይከበራልና፣ ውሸቱ ሰውነቱ ላይ እንደ አዲስ ኮት ተስማማው።

በአሥረኛው ሳምንት ሊያመጧት ሄዱ። አምስት ሰዓት ያህል ነድተው ሲደርሱ፣ ሆሳዕና ከጥዱ ጫካ ወጥታ ስትመጣ ኃይሉ ሌላ ልጅ መሰለችው። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጥፍሮቿ ውስጥ ጥላሸት አለ፣ ትከሻዋ ሰፍቷል። ሹራቡ የለም። ክንዶቿ ተራቁተዋል፤ ጠባሳዎቹ ለሁሉም ይታያሉ፣ እሷም አትሸፍናቸውም። የምሥራች ሮጣ አቅፋ ያዘቻት። ኃይሉ ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አላወቀም።

በዚያ ቀን ወላጅና ልጅ እሳት ዙሪያ ተቀመጡ። የእሳቱ ሕግ ቀላል ነው፦ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ አያርምም፣ አይመክርም፣ አያጽናናም። ሆሳዕና ተራዋ ሲደርስ እንደ ወትሮዋ በእንግሊዝኛ፣ «ብዙ ቀን መሞት እፈልግ ነበር» አለች። «አሁን የምፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ መናገር ተምሬያለሁ።» ኃይሉ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ብድግ ብሎ «በኢየሱስ ስም!» ሲል እሳቱ ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩት። ሆሳዕና መሬት መሬት አየች።

ከመለያየታቸው በፊት በጫካው የምታክማት የሥነ ልቦና ቴራፒስት ካሮል፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ የጭቃ ቡትስ ያደረገች ሴት፣ ሁለቱን ወላጆች ለብቻቸው ወሰደቻቸው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ» አለች። «ጫካው ልጅ አይፈውስም። እዚህ የሆነው ነገር ሆሳዕና ስሜቷን መናገር መጀመሯ ነው። ቤት ስትገባ የሚሰማት ካጣች በሦስት ወር ውስጥ ሁሉም ይጠፋል። ብዙ አይቻለሁ። መድኃኒቷ በየጠዋቱ፣ የከተማው ቴራፒስት በየረቡዑ። ደግሞ እባካችሁ፣ ዳንሽ ወይ ብላችሁ አትጠይቋት።»

የምሥራች ሁሉንም በስልኳ ጻፈች። ኃይሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጭንቅላት መነቅነቅ ደግሞ ለኃይሉ ከባድ ሥራ አይደለም።

በተከታዩ እሑድ የሆነው እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በፕሊማውዝ ከአንድ ማተሚያ ቤትና ከዕቃ መጋዘን መሐል የተከራየች አዳራሽ ናት። ከመዝሙሩ በኋላ ፓስተር ዋለ እንደ ልማዱ «ጌታ ያደረገለት፣ ምስክርነት ያለው?» ሲል ኃይሉ ሳያስበው እግሩ አነሳው። ክፋት አላሰበም፤ ደስታውን ነው መያዝ ያቃተው። ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ሲያፍነው የኖረውን ሁሉ አወጣው። ጨጓራ ያልኳችሁ ጨጓራ አልነበረም አለ፣ ካምፕ ያልኳችሁ ካምፕ አልነበረም አለ፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሕይወቱን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ ትልቁን እውነት ተናግሮ ይቀመጥ ነበር። አላቆመም። «ጌታ ግን በጫካ ውስጥ አገኛት! ዛሬ ሆሳዕና ተፈውሳለች!» አለ።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ራስሽ ተናገሪ» አላት ኃይሉ። ሆሳዕና ከመጨረሻው ረድፍ ተነስታ መጣች። ማይኩን ያዘች። አባቷን አየችው፤ እሱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ፊቱ በርቷል፣ እንዲህ ሲያያት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ «ተፈውሻለሁ» አለች። ሁሉም አቀፋት፤ እሷ ግን አቃፊዋን ሁሉ እጇን ግራና ቀኝ እንዳንጠለጠለች ተቀበለች። ይህን ያየችው የምሥራች ብቻ ናት።

ሁለት ረቡዕ ወደ ቴራፒስቱ ሄዱ። ክሊኒኩ ሜፕልዉድ፣ ከገበያ አዳራሹ ማዶ ነው። በሁለተኛው ረቡዕ በሩ ላይ ከመዘምራኑ አንዷን፣ ዘመናይን፣ ፊት ለፊት ገጠሟት።

«ወንድም ኃይሉ፣ በሰላም ነው? እዚህ ምን አመጣችሁ?» አለች የክሊኒኩን ሰሌዳ ቀና ብላ እያነበበች።

«ጥርሷን ነው» አለ ኃይሉ። ሰሌዳው ላይ ጥርስ የሚል ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ስልክ ደውሎ ቀጠሮዎቹን ሰረዘ። «አፖይንትመንቱን ካንስል አድርጌዋለሁ» አላት ለሚስቱ። «ተፈውሳለች ብዬ መስክሬ በጓሮ ሐኪም ቤት ማመላለስ ጌታን ማሳማት ነው።»

«ጌታን ነው ወይስ አንተን?» አለችው።

ተጣሉ። ለሦስት ቀን አልተነጋገሩም። በራት ሰዓት ኃይሉ ልጁን «ደህና ነሽ አይደል?» ብሎ ጠየቃት፤ ያን የተከለከለውን ጥያቄ። «የስ፣ ዳድ» አለች። «አየሽ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። ሆሳዕና በረቡዑ ሰዓት ወደ መዝሙር ልምምድ እመለሳለሁ ስትል ደግሞ ደስታው ገደብ አጣ። ከማን ጋር እንደምትለማመድ፣ የት እንደምትለማመድ አልጠየቀም።

ከሁሉ የከፋውን የሠራው በጥቅምት መጨረሻ ነው። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሲያልቅ ከፋርማሲ የሚያመጣው እሱ ነበር። አላመጣም። የምሥራች ስትጠይቀው «ሐኪሟ በቃት ብላለች» አላት። ይህን ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላሸም። ራሱንም እንዲህ ብሎ አሳመነ፦ ሐኪሙ ጌታ ነው፣ ጌታም በቃት ብሏል። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚጠቀምበትን ጥበብ ያህል ለሌላ ነገር ቢጠቀምበት ኖሮ የት በደረሰ!

በኅዳር ወር በአንዱ ዓርብ ሆሳዕና ጓደኛዋ ሎሚ ቤት እንደምታድር ተናግራ ወጣች። ሎሚ ሁለት ሕንጻ ወዲያ የምትኖር የኦሮሞ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሎሚ እናት ኢብሲቱ ደወለች። «አቶ ኃይሉ፣ ሆሳዕና ትናንት ሻርፕ ረስታ ሄዳለች፣ ሰው ይላኩና ያስወስዱት» አለች።

«እናንተ ጋ አይደለች እንዴ?»

«ኧረ የለችም። ሳትቀመጥ ነው የሄደችው።»

ኃይሉ ስልኩን ዘጋ። የምሥራች ሥራ ላይ ናት። የልጁን ክፍል ከፈተ። አልጋው ተነጥፏል። ከጫካው ያመጣችው የመኝታ ከረጢት የለም፤ ሰማያዊው የዝናብ ሸራም የለም። በመስኮቱ አየ። ከትናንት ጀምሮ በረዶ ሲጥልበት ያደረው ምድር ነጭ ብሎ ተኝቷል። ስልኩ ላይ የአየሩ ሙቀት አሥራ ሁለት ይላል፤ በፋራናይት ነው፣ ውሃ ከረጋ ቆይቷል።

ለፖሊስ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ስም፣ ዕድሜ፣ ልብስ ጠየቀችው። ከዚያ «ከዚህ በፊት ራሷን ጎድታ ታውቃለች? የአእምሮ ሕመም አለባት? የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለች።

አሁን እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሁሉ እውነቱን ይናገራል። ኃይሉም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ግን የዚያ እሑድ እልልታ በጆሮው አስተጋባ። ለፖሊስ ከተናገረ ነገሩ ይወጣል፣ ዘመናይ ትሰማለች፣ ጉባኤው ይሰማል፣ ጌታ ይሰደባል። «የለም» አለ። «ጤነኛ ልጅ ናት።»

«እንግዲያው ጌታዬ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙዎቹ በራሳቸው ይመለሳሉ» አለች ሴትዮዋ። «መዝግበነዋል።»

በቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ላይ «ቅዱሳን፣ ለአንድ የግል ጉዳይ በጸሎት አስቡኝ» ብሎ ጻፈ። የተጣመሩ እጆች ሥዕሎች ተራ በተራ መጡ፤ አርባ ያህል ሰው አሜን አለ። ልጁን ፍለጋ ከቤቱ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም፤ እንዴት ይውጣ፣ ምን እንደጠፋ አልተነገረው።

ሎሚ ቤት ሄደ። በሩን ኢብሲቱ ከፈተችለት፤ ሎሚ ከኋላዋ ቆማለች።

«ሎሚ፣ የት ሄደች? ደህና እኮ ነበረች። ማን ምን ብሏት ነው?»

«አላውቅም ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ።

መኪናውን አስነስቶ ሲዞር ዋለ። ገበያ አዳራሹን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የአውቶቡስ ፌርማታዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሹራብ የለበሰች ልጅ ባየ ቁጥር ልቡ ይዘላል፣ ሌላ ሰው ሆና ስትገኝ ደግሞ ይወድቃል። እየነዳ ይጸልያል፣ ጸሎቱ ግን እንደ ወትሮው አልወጣ አለው። «አባት ሆይ» ብሎ ይጀምርና፣ አባት የሚለው ቃል ላይ ይቆማል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሎሚ ቤት ተመለሰ።

በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ተናገረ።

«ሎሚ፣ ሆሳዕና አልዳነችም። ዳነች ያልኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቷን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። እናቷን ዋሽቻለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ፖሊሱን ዋሸሁ። በረዶ ላይ ናት፣ ልትሞትብኝ ነው። የምታውቂውን ንገሪኝ።»

ኢብሲቱ አንድ እጇን አፏ ላይ ጭና ልጇን አየቻት። በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረቻት፤ የቁጣም የልመናም ድምፅ ነበረው። ሎሚ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ለዳድ ብትነግሪ አላናግርሽም ብላኝ ነው» አለች። «ረቡዕ ረቡዕ መዝሙር አትሄድም። በሰፈራችን አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄድና እዚያ ካለው ሐይቅ ኋላ ጫካ ትገባለች። እሳት አንድዳ ትቀመጣለች። እኔንም አንድ ቀን ወስዳኛለች። እዚያ ስሆን መታመም እችላለሁ ትላለች። ቤት ግን አይቻልም፣ ተመስክሮብኛል ትላለች።»

ኃይሉ በዚያች ደጃፍ ላይ እንደቆመ ለፖሊስ ደወለ። ያችው ሴት ነበረች። ሁሉንም ነገራት፤ ሁለቱን ድንገተኛ ክፍል፣ ጠባሳዎቹን፣ ጫካውን፣ ያቋረጠውን መድኃኒት። ሴትዮዋ ሁሉንም መዘገበች። «ጌታዬ፣ ይህን ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ ውሻና ሄሊኮፕተር ይወጣ ነበር» አለች። «አሁን እልካለሁ።»

ኃይሉ ከፖሊሶቹ ቀድሞ ደረሰ። በረዶው ውስጥ እየሰመጠ ሮጠ፤ ስሟን እየጠራ፣ እየወደቀ፣ እየተነሳ። ሰማያዊውን ሸራ በሁለት ዛፎች መካከል አየው። ገመዱ ተወጥሯል፣ ቋጠሮው ያማረ ነው፣ እንዳስተማሯት አድርጋዋለች። ግን ያስተማሯት በሐምሌ ነው። የለቀመችው እንጨት እርጥብ ነበር፤ ጢሶ ጠፍቷል። ውሃ ልትቀዳ ስትል በረዶው ተሰብሮ ግራ እግሯ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል፤ ካልሲዋ እግሯ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከረጢቱ ውስጥ ተኮራምታለች። ጆሮውን አፍንጫዋ ላይ አደረገ። ትተነፍሳለች። ኮቱን አውልቆ አለበሳት፣ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛት፣ ሳይረን እስኪሰማ ድረስ ስሟን ብቻ ይጠራ ነበር።

የምሥራች ሴንት ፖል ያለው ሆስፒታል የደረሰችው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነው። ነርሷ ሆሳዕና መድኃኒት የወሰደችበትን የመጨረሻ ቀን ስትጠይቅ «ጥቅምት ላይ ሐኪሟ አቁሚ ብላታለች» አለች የምሥራች።

«አይደለም» አለ ኃይሉ። «ሐኪሟ አላለችም። እኔ ነኝ ያላመጣሁላት።»

የምሥራች አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ወንበሯን አንስታ ከአልጋው ማዶ ወስዳ ተቀመጠች። ኃይሉ ቢመታ ይሻለው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ እግሯን አይቶ ሁለቱን ወላጆች ኮሪደር ላይ አናገራቸው። ሲመለሱ ሆሳዕና ዓይኖቿ ተዘግተው ነበር። የኃይሉ ስልክ ጮኸ። ፓስተር ዋለ ነው፤ ከኋላው የመዘምራኑ ድምፅ ይሰማል።

«ወንድም ኃይሉ፣ ሆስፒታል መሆናችሁን ሰምተናል፣ ጉባኤው ተጨንቋል። ምን ልበላቸው? ብርድ መትቷት ነው ልበል?»

«ሆሳዕና ታማለች በላቸው።»

«በእምነት ግን፣ ወንድሜ፣ የተመሰከረውን አንለቅም እኮ…»

«አልዳነችም፣ ፓስተር። አልዳነችም። ታማ እያለች ነው እፊታችሁ ያቆምኳት፣ መድኃኒቷንም የከለከልኳት። ይህንኑ በማይኩ ተናገረው፤ የማትናገረው ከሆነ መጥቼ እናገራለሁ።»

ስልኩን ሲዘጋ ሆሳዕና ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን እያየች ነው። ሁሉንም ሰምታለች።

«ዘገየህ፣ ዳድ» አለች በእንግሊዝኛ።

«አዎ» አለ።

ከብርድ ልብሱ ሥር በፋሻ የተጠቀለለውን እግሯን ለማንቀሳቀስ ሞከረች፣ ፊቷ ተጨማደደ። «ጣቶቼን ይቆርጧቸዋል?» አለች፤ አሁን በአማርኛ ነው የጠየቀችው።

ኃይሉ አፉ ላይ የመጣው «ጌታ ያውቃል፣ ምንም አትሆኚም» የሚል ነበር። የምሥራች ከማዶ ቀና ብላ አየችው።

«ሁለቱን» አለ። «ሁለቱን ይቆርጧቸዋል፣ ልጄ።»

ሆሳዕና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሱም አላባበላትም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ልቅሶዋን ሰማ።